አራት ወር ያልዳነ የእግር ቁስል፤ የነርሷ ሥራ ማሰር ብቻ ነው?

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ስኳር ሕመም ከያዛት 12 ዓመት አልፏታል። በቀኝ ውስጥ እግሯ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር የወጣ ቁስል ይኸው አራት ወሩ። በየሁለት ቀኑ ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ፤ በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድና በቤታዲን ይታጠብና በደረቅ ጎዝ ይታሰራል። ሁለት ጊዜ የኢንፌክሽን መድኃኒት ታዞላት ጨርሳለች። «አያመኝም» ስለምትል ከቤት ሥራዋም ከቤተ ክርስቲያኗም አልቀረችም። ነርሶቹ ሁሌም «ንጹሕ ነው፣ ጥሩ ነው» ይሉናል፤ ቁስሉ ግን አልዳነም። የነርስ ሥራ ማሰር ብቻ ነው? እኔስ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ምላሽ፦ ማሰር ብቻ አይደለም። ቁስል ከአንድ ወር በላይ ከቆየ የነርስ የመጀመሪያ ሥራ ለምን እንዳልዳነ መፈለግ ነው፤ ፋሻው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቁስል ላይ ለረጅም ጊዜ የሠራሁ ነርስ ነኝና የማውቀውን በዝርዝር እነግርዎታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሊዘገይ የማይገባውን ላስቀድም።

መቅላቱ ከቁስሉ ጠርዝ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ካለፈ፣ እግራቸው ካበጠና ከተኮሰ፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ጣት ከጠቆረ፣ ሽታው በድንገት ከከፋ፣ ወይም ስኳራቸው ያለ ምክንያት ወጥቶ አልወርድ ካለ የማሰሪያውን ቀን አይጠብቁ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ያድርሷቸው። በስኳር ሕመምተኛ እግር ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ማታ ደኅና መስሎ አድሮ ጠዋት ሌላ ነገር ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

አሁን ወደ እናትዎ ልመለስ። ከጻፉልኝ ሁሉ ያሳሰበኝ «አያመኝም» ማለታቸው ነው። ውስጥ እግር ላይ ያለ፣ አራት ወር የቆየ ክፍት ቁስል እየተረገጠ ማመም አለበት። ካላመመ ነርቩ ደክሟል ማለት ነው። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግርን ነርቭ ይጎዳል፤ ሕመም የሚባለው ማስጠንቀቂያ ይጠፋል፣ ላብ ይቀንስና ቆዳው ይደርቃል፣ የጣቶቹ ቅርጽ ይለወጥና ክብደቱ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። ያ ቦታ ይደድራል። የደደረው ቆዳ ደግሞ ራሱ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ሆኖ ከሥሩ ያለውን ሥጋ ይጨፈልቀዋል። ውስጡ ይደማል፣ ይፈርጣል፣ ይከፈታል። ጤነኛ ሰው ቢሆን ያነክስ ነበር፤ ማነከሱም እግሩን ያድነው ነበር። እናትዎ ግን ሳያነክሱ በቁስላቸው ላይ ይራመዳሉ። ነርሷ በየሁለት ቀኑ የምታስረውን እርምጃቸው በየቀኑ ያፈርሰዋል።

ይህን ትምህርት ዓለም ያገኘው ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ነው። ድሮ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ እግር የሚቆስለውና የሚቆራረጠው ሥጋው በበሽታው ስለሚበሰብስ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በሕንድ ቬሎር ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ግን ሥጋውን የሚያጠፋው ሕመም በማይሰማው እግር ላይ የሚያርፈው ተደጋጋሚ ጫናና ጉዳት መሆኑን አሳየ። ጫናው ሲነሳለት ያ «አይድንም» የተባለ ቁስል ዳነ። እግርን ልክ ይዞ ጫናውን የሚበትነው የጀሶ አሠራርም ከሥጋ ደዌ ሕክምና ተነሥቶ ወደ ስኳር ሕሙማን እግር ተሻገረ። እኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ለዚሁ ሕክምናና ሥልጠና የተሠራ ነው። ከሥጋ ደዌ ተፈውሰው ስሜት አልባ እግር የቀራቸውን ሰዎች ስትንከባከብ የኖረች ነርስ የስኳር ሕመምተኛ እግርን ለመረዳት አዲስ ትምህርት አያስፈልጋትም። የማዝነው ይህ በእጃችን ያለ እውቀት ተራ ጤና ጣቢያ የማሰሪያ ክፍል ድረስ በበቂ ሁኔታ አለመውረዱ ነው።

ስሜቱ መጥፋቱን ነርሷ አሥር ግራም በሚጫን ቀጭን የናይለን ክር ትመረምራለች። ክሩ በአካባቢዎ ካልተገኘ እርስዎም ቤት ውስጥ አንድ ነገር መሞከር ይችላሉ። እናትዎ ዓይናቸውን ይጨፍኑ። የሁለቱንም እግራቸውን አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሿን ጣት ጫፍ በጣትዎ ጫፍ ቀስ አድርገው ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ይንኩ። አይጫኑ፣ አይዳብሱ። ሲሰማቸው «አዎ» ይበሉ። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማቸው ስሜቱ ቀንሷል፤ ውጤቱን ለነርሷ ይንገሯት።

ጫማቸውንም ይዘው ይሂዱ፤ ቁስል በሚታይበት ክፍል ጫማ እንዲታይ ማድረግ ነውር አይደለም። እኔ እጄን ጫማ ውስጥ ሳልከት ያሰርኩት የእግር ቁስል እንዲኖር አልፈልግም። አንድ ገበሬ መጥተው ነበር፤ ተረከዛቸው ላይ ያለው ቁስል ክረምቱን ሙሉ ታስሮ አልዳነም። የላስቲክ ጫማቸውን አንሥቼ ጣቴን ወደ ውስጥ ባስገባ ከሶሉ የወጣ የሚስማር ጫፍ ነካኝ። ከቁስሉ ጋር ብገጥመው ልኩ ነው። እሳቸው ከሚስማሩ ጋር ሲያርሱና ገበያ ሲወጡ ከርመዋል፤ አንዴም አልተሰማቸውም። ያን ቁስል የትኛው ቅባት ያድነው ነበር?

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዎ «ጫናውን ከቁስሉ ላይ እንዴት እናንሳ?» የሚል ይሁን። የተሻለው መንገድ እስከ ጉልበት የሚደርስና በቀላሉ የማይወልቅ ጀሶ ወይም ልዩ ጫማ ነው፤ ይህ ግን የደም ዝውውሩና ኢንፌክሽኑ ተመርምሮ፣ በሠለጠነ እጅ የሚደረግ ስለሆነ በዘፈቀደ አይሞከርም። እሱ እስኪገኝ ድረስ ወፍራም ፌልት (የሱፍ ንጣፍ) በቁስሉ ዙሪያ ተቆርጦ ይለጠፋል፣ ለስላሳ ወለል ያለው ሰፊ ጫማ ይደረጋል፣ ምርኩዝ ይያዛል። ከሁሉም በላይ እርምጃ ይቀነሳል። እንጀራ መጋገሩን፣ ገበያውን፣ ቡና ማፍላቱን ሌላ ሰው ይያዝላቸው። እናቶቻችን ቁጭ በሉ ሲባሉ እንደ ሰነፍ የተቆጠሩ ስለሚመስላቸው ይህን ነገር ልጅ ከሚናገረው ነርስ ብትናገረው ይሻላል። «እማማ፣ መድኃኒትዎ መቀመጥ ነው» ብላ ፊት ለፊት ትንገራቸው።

ቤተ ክርስቲያንን በተመለከተ ጫማ አውልቆ ድንጋይ ወለል ላይ ለሰዓታት መቆም ለዚህ እግር ከባድ ነው፤ በበጋ ፀሐይ የጋለ መሬትማ ሳይሰማቸው ሊያቃጥላቸው ይችላል። አይሂዱ አልልም። ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክረው ወንበር ይዘው ከውጭ፣ ጫማ ማድረግ በሚቻልበት ቦታ ተቀምጠው ቢያስቀድሱ መልካም ነው። ጠበል መጠጣታቸውንም ማንም አይከለክላቸውም፤ ቁስሉን በጠበልም ሆነ በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ ግን ቆዳውን ያልማል፣ ጀርምም ያስገባል።

ሁለተኛው ጥያቄ ደም ነው። የማይደርሰው ደም አዲስ ሥጋ አይሠራም። ነርሷ በእግራቸው ጀርባና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ የደም ሥር ምት መኖሩን በጣቷ መፈለግ አለባት። አራት ወር ሙሉ ማንም እዚያ ጣቱን ካላሳረፈ ይጠይቁ። ምቱ ከደከመ የቁርጭምጭሚትንና የክንድን የደም ግፊት የሚያነጻጽር ምርመራ አለ፤ ውጤቱ ከ0.9 በታች ከሆነ የደም ሥር ጥበት አለ ማለት ነው። የስኳር ሕመምተኞች የደም ሥር ግድግዳ ስለሚደድር ቁጥሩ በሐሰት ጥሩ ሆኖ ሊታይ እንደሚችል ግን ይወቁ፤ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ እግሩ ቀዝቃዛና ቁስሉ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ሐኪም ሌላ ምርመራ ማዘዝ አለበት።

ሦስተኛው አጥንት ነው። ሁለት ጊዜ መድኃኒት ወስደው ቁስሉ ባለበት መቆየቱ ኢንፌክሽኑ አጥንት ደርሶ እንደሆነ እንድጠረጥር ያደርገኛል። የሠለጠነ ባለሙያ ንጹሕና ጫፉ ድቡልቡል በሆነ የብረት ዘንግ የቁስሉን ወለል ቀስ አድርጎ ይነካል፤ ጠጣር ነገር ከነካ ኤክስሬይና የደም ምርመራ ይከተላል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኤክስሬይ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ «ኤክስሬዩ ነጻ ነው» ተብሎ ጉዳዩ አይዘጋም።

ስለ ኢንፌክሽን መድኃኒቱ አንድ ነገር ልጨምር። ሥር የሰደደ ቁስል ሁሉ ባክቴሪያ አለው፤ ባክቴሪያ ስላለ ብቻ ኪኒን አይሰጥም። መቅላት፣ ሙቀት፣ እብጠት፣ መግል ሲኖር ይሰጣል። ከቁስሉ ናሙና የሚወሰድ ከሆነም ቁስሉ ታጥቦ፣ የሞተው ሥጋ ተነሥቶ፣ ከሥሩ ካለው ሕያው ሥጋ ቢወሰድ ይሻላል፤ ከላዩ በጥጥ የተጠረገ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ ግን ፈጽሞ ይቅር። ይደርቃል፣ ይጋገራል፣ ሥሩን ይሸፍናል፤ ጀርሙንም መድኃኒት ያለማምደዋል።

አሁን ወደ ማሰሪያው ልምጣ። በየሁለት ቀኑ በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ መታጠቡ አልተስማማኝም። አረፋ ሲያወጣ ቆሻሻ የሚያነሣ ይመስላል፤ የሚያቃጥለው ግን አዲስ የበቀለውን ሕዋስም ጭምር ነው። ቤታዲንም ኢንፌክሽን ሲኖር ለአጭር ጊዜ ይጠቅም ይሆናል፤ ወራት ሙሉ ንጹሕ ቁስል ላይ ማፍሰሱ ግን ተገቢ አይደለም። ኖርማል ሳላይን (ለሕክምና የተዘጋጀ የጨው ውሃ) ይበቃል። እሱ ከሌለ ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ ይሆናል።

ደረቁን ጎዝ ደግሞ ሲነሣ ይመልከቱት። ነርሷ ጫፉን ይዛ ስትስበው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል፤ ሲላቀቅ በጎዙ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ይቀራል፣ የቁስሉም ወለል ላይ ጥቃቅን የደም ነጥቦች ይወጣሉ። ያ ደም ባለፉት ሁለት ቀናት የበቀለው አዲስ ሥጋ ነው፤ ተነቅሎ ነው የወጣው። ቁስል «ይድረቅ» የሚለው አስተሳሰብ እኛ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ጆርጅ ዊንተር እ.ኤ.አ. በ1962 በአሳማ ቆዳ ላይ ባደረገው ጥናት እርጥበቱ የተጠበቀለት ቁስል ለአየር ከተጋለጠው በእጥፍ ያህል ፈጥኖ ቆዳ እንደሚያለብስ ካሳየ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ በቁስሉ ወለል ላይ ቫዝሊን የተነከረ ጎዝ ወይም ሌላ የማይጣበቅ ነገር ይደረግ፣ ከላዩ ፈሳሹን የሚመጥ ጎዝ ይታከል። የተጣበቀ ጎዝ ካለ በሳላይን ርሶ እስኪላቀቅ ይጠበቅ። ጊዜ ይወስዳል፤ ሰልፉ ረጅም መሆኑንም አውቃለሁ። ነገር ግን ሁለት ደቂቃ መታገስ የሁለት ቀን ሥራ ያተርፋል።

እርጥበት ሲባል መጨቅየት አይደለም። በቁስሉ ዙሪያ ያለው ቆዳ ነጥቶ ከተጨማደደ ፈሳሹ በዝቷል ማለት ነው፤ ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ ዙሪያውንም በዚንክ ቅባት መጠበቅ ያስፈልጋል። ደም የማይደርሰውና ደርቆ የጠቆረ ጣት ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እሱ ሐኪም እስኪያየው በደረቁ ይጠበቃል እንጂ አይረጥብም።

በዙሪያው የደደረው ቆዳና ቢጫው የሞተ ሥጋ የሠለጠነች ነርስ ወይም ሐኪም በስለት ሊያነሡት ይገባል፤ የደም ዝውውሩ ከታየ በኋላ። ይህ ሳይደረግ የሚቀጥል ማሰሪያ ብዙ አያራምድም። ቤት ውስጥ በምላጭ መሞከር ወይም ከፋርማሲ የቆዳ ኪንታሮት ማቅለጫ ገዝቶ መለጠፍ ግን ብዙ እግር አስቆርጧል።

ለእርስዎ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው መለኪያ ነው። «ንጹሕ ነው» ማለት ንጽሕናውን ይነግራል እንጂ መዳኑን አይነግርም። በየሳምንቱ ርዝመቱና ወርዱ በሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱም ቢሆን ይለካና ከቀኑ ጋር ይጻፍ። ማስመሪያ ያለው ሰው ሁሉ ይችላል። የስኳር እግር ቁስል በተገቢው ሕክምና በአራት ሳምንት ውስጥ ስፋቱ ወደ ግማሽ ካልወረደ በሦስት ወር የመዳን ዕድሉ ትንሽ ነው። ለምሳሌ ዛሬ 3 በ2 ከሆነ ስፋቱ በግምት 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ በአራት ሳምንት 3 አካባቢ መድረስ አለበት። የሞተው ሥጋ በተነሣበት ቀን ቁስሉ ሰፍቶ ሊታይ ይችላል፤ አይደንግጡ፣ መለካቱን ከዚያ ቀን ይጀምሩ። በስልክዎ ፎቶ ሲያነሡም ማስመሪያውን ከጎኑ አድርገው ያንሡ።

ይህ መለኪያ የነርስነት ዋና ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ሐኪም እናትዎን በወር አንዴ ያያቸው ይሆናል፤ ነርስ በየሁለት ቀኑ ታያቸዋለች። ቁስሉ መቆሙን ቀድማ ልታውቅ የምትችለው፣ «ይህ ከዚህ በላይ እዚህ መቆየት የለበትም» ብላ መላክ የምትችለው እሷ ናት። ችግሩ ብዙ ቦታ ዛሬ አንዷ፣ ከነገ ወዲያ ሌላዋ ማሰራቸው ነው። የዛሬዋ የባለፈውን ስላላየች ለእሷ ቁስሉ ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ «ጥሩ ነው» ብትል ልንፈርድባት አንችልም። ስለዚህ ከተቻለ አንዲት ነርስ እንድትይዛቸው ይጠይቁ፤ ካልተቻለ የተለካውን የያዘ አንድ ደብተር ከእናትዎ ጋር ይመላለስ። ሲጠይቁም በክስ ቃና አይሁን። «ሲስተር፣ ባለፈው ሳምንት 3 በ2 ነበር፤ ዛሬ ስንት ሆነ?» ይበሉ። ሙያዋን የምትወድ ነርስ በዚህ ጥያቄ አትከፋም፤ ትደሰታለች።

ምግብና ስኳርም አሉ፤ እነሱን ባጭሩ ልለፍ። የሦስት ወር የስኳር አማካይ ምርመራ ከቆየ ይደገም። ቁስል ፕሮቲን ይበላል፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ በጾም ደግሞ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ በየማዕዱ ይኑር። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን እየወሰዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ስኳርን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ስለሚችል ከሐኪማቸው ጋር ሳይነጋገሩ አይጹሙ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሕመምተኛን አታስገድድም።

ሌሎች አንባቢዎች ይህን ሁሉ ለማንኛውም ቁስል እንዳያውሉት አንድ ቃል። ከቁርጭምጭሚት በላይ ወጥቶ እግር እያበጠ የሚፈስ ቁስል ብዙውን ጊዜ የደም መላሽ ሥር ችግር ነው፤ ፈውሱ በትክክል የተጠቀለለ ጠበቅ ያለ ፋሻ ነው፤ ወደ እግር ደም የሚወስደው ሥር ሳይመረመር ግን ተጠብቆ አይታሰርም። የአልጋ ቁስል የሚድነው በሽተኛውን በማገላበጥ ነው። በድሮ ቃጠሎ ጠባሳ ላይ ለዓመታት የቆየ፣ ጠርዙ እየወፈረና እየተገለበጠ የመጣ ቁስል ደግሞ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ስለሚችል ሥጋው ተቆርጦ መመርመር አለበት።

ለእናትዎ የምመክረው ይህ ነው፦ አራት ወር ሆኗልና ሌላ አራት ሳምንት አይጠብቁ። በዚህ ሳምንት የቀዶ ሕክምና ወዳለው ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ያጽፉ፤ ወረቀቱም ላይ ስሜቱ፣ የደም ሥር ምቱ፣ የቁስሉ ልክና የወሰዱት መድኃኒት ስም ይስፈር። እስከዚያው እግራቸው መሬት ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ይቀንሱላቸው፣ ደረቁ ጎዝና ፐርኦክሳይዱ ይቅርላቸው።

ሲዘጋም ክትትሉን አያቋርጡ። ከዳኑ የስኳር እግር ቁስሎች ውስጥ ከመቶ አርባ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሰው ይከፈታሉ፤ ቆዳው ቢዘጋም ስሜቱ አልተመለሰምና። በየምሽቱ ሁለቱንም ውስጥ እግራቸውን በደማቅ ብርሃን ይመልከቱላቸው፣ በጣቶቹ መካከልም ጭምር። ጫማ ከማድረጋቸው በፊት እጅዎን ያስገቡበት። ቤት ውስጥም ባዶ እግራቸውን አይሂዱ። ነርሷ ዘንድ በየአንድ እስከ ሦስት ወሩ እየተመላለሱ እግራቸው እንዲታይና የደደረው እንዲነሣ ያድርጉ፤ ቁስሉ በዳነበት ቀን ቀጣዩ ቀጠሮ ካርዱ ላይ መጻፉን አይተው ይውጡ።